ከናሙናው ጋር በስፒል ተያይዞ የቀረበው አሳይመንት

ጸደቀ። መምህሩ በገዛ እጁ፣ እኔ በዓይኔ በብረቱ እያየሁ፣ «ይቀጥሉ» ብሎ ጻፈበት። ከትናንት ጀምሮ ይህን የምሥራች ተሸክሜ ሆዴ ሊፈነዳ ነው። ልነግራት የምፈልጋት ሴት ሱቋን ዘግታለች። እስክትከፍት እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ምን ጸደቀ በሉኛ። ጥያቄ። አዎ፣ መልስ አይደለም፤ ሁለት መስመር የማትሞላ ጥያቄ ነች የጸደቀችው። ሰው ጥያቄ ጸደቀለት ተብሎ መንገድ ላይ ይዘላል ቢሉኝ ባለፈው ወር እኔም እስቅ ነበር። ትናንት ግን ኮሌጁ በር ላይ ዘልያለሁ። የጫማዬ ተረከዝ ተነቅሏል፤ አልቆጨኝም።

ጥያቄዋ የታላቅ እህቴ ናት።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። የመለኪያ ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ ሰፈሩ «እትዬ ሜትር» ይላታል። የኮሌጅ መታወቂያዋ ፎቶ ላይ ሳይቀር ተንጠልጥሏል፤ ፎቶ አንሺው «እሱን እንኳ ያውርዱት» ቢላት «ያለሱ አንገቴን ይበርደኛል» አለችው። ሱቋ አንድ ክፍል ናት፤ በግራ ፋርማሲ፣ በቀኝ ጫማ ጠጋኝ። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ መተኮሻ ጠረጴዛዋ ምሳም ይበላበታል። የደንበኞች መስተዋት ከታች በኩል ተሰብሮ ስለተቆረጠ እዚያ ቤት ውስጥ እግሩን ያየ ሰው የለም። «እግር አልሰፋ፣ ምን ያደርግላችኋል» ትላለች። ምላሷ እንደ መቀሷ ነው። አንዱ ደንበኛ «እትዬ፣ ይሄ ሱሪ ጠቦኛል» ቢላት ከመኪናዋ ቀና ሳትል «ሱሪው ባለበት ነው፤ የሄድከው አንተ ነህ» አለችው። ሰውዬው ስቆ ሌላ ሱሪ አዘዘ።

ኮሌጅ የገባችውም በዚያ መስተዋት ሰበብ ነው። በየዓመቱ ለተመራቂዎች ጋውን ትሰፋለች። ከማስረከቧ በፊት አንዱን ትለብስና መስተዋቱ ፊት ትቆማለች። «ትከሻው ልክ መሆኑን ላረጋግጥ ነው» ትለኝ ነበር። ዘንድሮ ትከሻውን አይታ ከጨረሰች በኋላም አላወለቀችውም። እኔ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ከምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ለምሳ ስመጣ፣ ጋውን ለብሳ የሰው ሱሪ ትተኩሳለች።

«እትዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«ልመዘገብ ነው።»

ክው አልኩ። ያኔ የደነገጥኩት የመጨረሻው መስሎኝ ነበር፤ ለካ ገና መጀመሪያው ነው።

ኮሌጁ የቅዳሜና እሁድ ትምህርት አለው። ትምህርት ካቆመች ብዙ ዘመን ስለሆናት የተቀበሏት በሙከራ ነው። የመጀመሪያውን የጥናት አጻጻፍ ኮርስ ካለፈች ትቀጥላለች፤ ከወደቀች መታወቂያዋን አስረክባ ቤቷ ትገባለች። ድጋሚ የሚባል ነገር የለም። ይህን ያዙልኝ።

የኮርሱ መምህር ልጇ ቢሆን የሚያምርበት ወጣት ነው። ከሥራችሁ ወይም ከአካባቢያችሁ ተነሥታችሁ አንድ ጥናት ጀምሩ፤ ለጊዜው ጥያቄያችሁንና የምትነሡባቸውን ምንጮች ብቻ አምጡ ብሎ አሳይመንት ሰጠ። እህቴ «ጥናት» ሲባል ልቧ ስለዘለለ ከዚያ በኋላ የተባለው አልገባላትም። መምህሩ ልኬት ሲጠይቃት እሷ ኮት ልትሰፋለት ተነሣች።

ልብስ ሰፊ ሰፍቶት የማያውቀውን ልብስ ሲያዝዙት ምን ያደርጋል? ናሙና አምጡልኝ ይላል። ናሙናውን ዘርግቶ ቅዱን ወረቀት ላይ ያወጣል፣ በደንበኛው ጨርቅ ይቆርጣል፣ ይሰፋል። ሲጨርስ ደንበኛው እንዲያስተያየው ሁለቱን በስፒል አያይዞ ያስረክባል። ቁርጥ ናሙናውን መሰለ ከተባለ ከዚያ በላይ ምስጋና የለም። እህቴ ዕድሜ ልኳን የኖረችው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ጎረቤቷ ፋርማሲስቷ ዘንድ ሄደች። ፋርማሲስቷ ሳቂታ ሴት ናት፤ የነጭ ጋውኗ ቁልፍ በየሳምንቱ ይበጠሳል፣ እህቴ በየሳምንቱ ትተክልላታለች።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ የጥናት ናሙና የለሽም?» አለቻት።

ፋርማሲስቷም ተማሪ እያለች የጻፈችውን ከቤቷ ፈልጋ አመጣችላት። ርዕሱ «ሕሙማን የታዘዘላቸውን መድኃኒት ለምን ሳይጨርሱ ያቋርጣሉ?» የሚል ነው።

«ሐሳብ ውሰጂበት፣ እትዬ» አለቻት።

እህቴ ሐሳብ ብቻ አልወሰደችም። ሕሙማን የሚለውን ደንበኞች፣ መድኃኒት የሚለውን ልብስ እያደረገች ከዳር እስከ ዳር በናሙናው ልክ ቀደደችው። «ደንበኞች የታዘዘላቸውን ልብስ ለምን ሳይጨርሱ ያቋርጣሉ?» ሆነ። መኻል ላይ ያለችዋን ተነሥታ አነበበችልኝ፦ «ደንበኛው ልብሱን በሰዓቱ ከምግብ በኋላ ካልወሰደ ልብሱ በሰውነቱ ውስጥ የመሥራት አቅሙ ይዳከማል።» እኔ ኮሌጅ ደጅ ረግጬ አላውቅም። ሳይንስ እንዲህ ከበድ ብሎ ነው የሚጻፈው ብዬ አጨበጨብኩ። መጨረሻ ላይ ያሉትን ማጣቀሻዎች እንዳሉ ተወቻቸው። «የናሙናው ቁልፍ ካማረ ለምን ይቀየራል?» አለች። ከዚያ ሁለቱን ጽሑፎች ካውያውን ለብ አድርጋ ተኮሰቻቸው፣ በስፒል አያያዘቻቸው፣ አስረከበች።

መምህሩ በስልክ ጠራት። ከስልኩ ድምፅ አንድ ነገር ጠርጥራ ነው መሰለኝ «አብረሽኝ ነይ» አለችኝ። ቢሮው ስንገባ ሁለቱ ጽሑፎች ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ እሱ ጽሑፎቹን ሳይሆን ስፒሏን ነበር የሚያየው።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለኝ።

«እህቷ ነኝ። እግሯ ስለተንቀጠቀጠ ደግፌያት ነው የመጣሁት።»

«የኔም ተንቀጥቅጧል፤ ተቀመጡ።» ወደ እሷ ዞረ። «እናቴ፣ ይሄ የላይኛው የማን ነው?»

«የኔ።»

«የታችኛውስ?»

«የጎረቤቴ የፋርማሲስቷ። ስሟ አለበት እኮ።»

«አይቻለሁ። ማን ነው ያያያዛቸው?»

«እኔ ነኛ። እንዲያስተያዩት ብዬ ነው። መስመር በመስመር ቢያዩት አንዲት ክር አላዛነፍኩም።»

መምህሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሥራዋ ገርሞት መስሎኝ ኮራሁ።

«ገልብጠው የሚያመጡ ተማሪዎች ያጋጥሙኛል» አለ ከእጁ ሥር። «የሰረቁትን ይደብቃሉ። የተሰረቀውን ከነባለቤቱ ስም በስፒል አያይዞ ያስረከበኝ ሰው ግን የለም።»

ሰረቁ። ይህችን ቃል ነው ለእህቴ ያላት። ከደንበኛ የተረፈ ብጣሽ ጨርቅ እንኳ ጠቅልላ ከልብሱ ጋር የምትመልስ ሴት ናት። ቀስ ብላ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔ አንገቷን ራቁቱን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

«መምህር» አለች፣ «በኛ ሥራ ናሙና ያልመሰለ ነው የሚያሳፍረው።»

መምህሩ እጁን ከፊቱ አነሣ። ነገሩ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት። ጽሑፉን ብድግ አደረገና «ልብሱን ከምግብ በኋላ የሚወስዱት ደንበኞች የትኞቹ ናቸው?» አለ። ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ።

«ይስሙኝ። ይህን ከተቀበልኩ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ የማቅረብ ግዴታ አለብኝ፤ ኮሚቴው ናሙና ምናምን አይሰማም። እርስዎ ደግሞ በሙከራ ላይ ነዎት፤ በቀጥታ ነው የሚሰናበቱት። ነገር ግን የማስረከቢያው ቀን ቅዳሜ ነው። እስከዚያ ምንም አልተቀበልኩም። ቅዳሜ የራስዎን ጥያቄ ይዘው ይምጡ። መልሱን የማያውቁት ይሁን።»

«የማላውቀውን?» አለች እህቴ። «እኔ እኮ ኮሌጅ የመጣሁት አዋቂ ለመሆን ነው።»

«የሚያውቁትንማ ከጠየቁ ምኑን ያጠኑታል?»

ደረጃውን ወረድን። ለካ አለማወቅ ራሱ ይዘውት የሚሄዱት ነገር ነው። ማን ነግሮን።

ፋርማሲስቷ ወሬው ሲደርሳት ሮጣ መጣች። «እኔ ነኝ ጉድ የሠራሁሽ፤ እንዴት እንደምትጠቀሚበት ሳላሳይሽ ሰጠሁሽ» ብላ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እህቴ «ተነሽ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ነው የምታርሺው» አለቻት። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ያቺ ሳቂታ ሴት እኛን ባየች ቁጥር መደርደሪያው ኋላ ትሄዳለች። ቁልፏ ተበጥሶ እንኳ ለማስተከል አልመጣችም።

በማግስቱ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ሄድን። ላይብረሪያኑ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ነው። እህቴ ስለ ልብስ እፈልጋለሁ አለችው። ኮምፒውተሩ ላይ «ልብስ» ብሎ ጻፈና ወደኛ አዞረው። የወጣው ቁጥር ከሜትሯ ይረዝማል። እህቴ ጠረጴዛውን ያዘች።

«ይሄ ሁሉ ሊነበብ ነው?»

«ለመሆኑ የማን ልብስ ነው የፈለጉት?» አላት።

«የሰው።»

«የምን ሰው?»

«የሚለብስ።»

«እንዲህማ ከሆነ እኔም አለሁበት» አለ። «እንበልና አንድ ሰው ሱቅዎ መጥቶ ልብስ ስፊልኝ ብሎ ዝም ቢል ምን ይሉታል?»

«ምን ዓይነት፣ ለማን፣ ለመቼ፣ ጨርቅህስ የታለ እለዋለሁ። ካልመለሰልኝ አስወጣዋለሁ።»

«እኔ አላስወጣዎትም። ግን ዛሬ መጽሐፍ አልሰጥዎትም። ሄደው ሥራዎን ይሥሩ። እየሠሩ፣ ዕድሜ ልክዎን ሲያደርጉት ኖረው ለምን ብለው ያልጠየቁትን አንድ ነገር ይፈልጉ።»

የዚያ ሳምንት እህቴ ሰው አልነበረችም። መቀስ ስታነሣ ለምን፣ ክር ስታስገባ ለምን። የወንድ ሸሚዝ ቁልፍ ለምን በዚህ በኩል ሆነ? ታውቀዋለች። ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ለምን ይነከራል? ታውቀዋለች። የጠየቀችውን ሁሉ አፏ ይመልሰዋል። ሐሙስ ዕለት መቀሱን ወርውራ «እንዲህ አዋቂ መሆኔን አላውቅም ነበር፤ ገደለኝ» አለች። ሜትሩ አሁንም ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ወገብ ለመለካት ታወጣዋለች፣ መልሳ ትከተዋለች። ቅዳሜ መታወቂያዋን እንደምትመልስ ነው የማስበው። እንደውም ጠርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች።

ዓርብ እኔ ምሳዬን እየበላሁ አንዲት እናት የልጇን የትምህርት ቤት ጉርድ ይዛ መጣች። ልጅቷ ወንበር ላይ ቆመች፤ እህቴ ስፒል በከንፈሯ ነክሳ ተንበረከከች።

«እትዬ፣ ከታች ሰፋ አድርገሽ ወደ ውስጥ እጠፊላት» አለች እናትየዋ። «ስታድግ ይፈታላታል።»

እህቴ መጀመሪያውን ስፒል ሰካች። ሁለተኛው ከአፏ ወደቀ።

«ማነው የሚፈታው?»

«አንቺ ነሻ። ሌላ ማን ሊፈታው?»

«እኔ» አለች እህቴ፣ መሬት ላይ እንደተንበረከከች ወደኔ ዞራ፣ «እኔ አጥፌ እንጂ ፈትቼ አላውቅም።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አልኳት።

«ለእያንዳንዱ ተማሪ አጥፌያለሁ። ስታድግ፣ ሲያድግ እያሉኝ አጥፌያለሁ። ፍቺልን ብሎ የመጣ ሰው ግን… አንቺ፣ አንድ ሁለት ሰው ትዝ ይለኝ ይሆናል እንጂ የለም። ያ ሁሉ እጥፋት የት ገባ?»

ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ። እናትየዋም እንደኛው ደንግጣ ኖሮ «እውነትም፤ የኔዋ እንኳ የአምናውን ጉርድ» ብላ ስትጀምር እህቴ እጇን ዘርግታ አፏን ልትይዛት ምንም አልቀራት።

«ዝም በዪ፣ በፈጠረሽ። መልሱን እንዳትነግሪኝ። እስከ ነገ ማወቅ የለብኝም።»

ልጅቷን ከወንበሩ አወረድናት፣ ሱቁን ዘጋን፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሳይዘጋ ደረስን። ላይብረሪያኑ ከሩቅ ሲያያት «አገኙት» አለ። ከፊቷ አውቆ ነው። ጥያቄዋን ነገረችው፤ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። አሁን ኮምፒውተሩ ላይ የጻፈው ልብስ የሚል ብቻ አልነበረም። ዩኒፎርም አለ፣ ወላጆች አለ፣ የልጆች ዕድገት አለ፣ የቤተሰብ ወጪ አለ። ያ ከሜትር የሚረዝም ቁጥር አጥሮ አጥሮ አንድ ገጽ ላይ የሚያልቅ ሆነ። ከዚያ ውስጥ ለጥያቄዋ የሚሆኑትን እየመረጡ ቁጭ አሉ።

እዚህም ሌላ ድንጋጤ ጠበቃት። አንደኛው ጽሑፍ ሰፊ ዩኒፎርም መግዛት ለቤተሰብ ቁጠባ ነው ይላል። ሌላው ልጁ ሳይሞላው ልብሱ ስለሚያልቅ ቁጠባ የለውም ይላል።

«የታተመ ጽሑፍም እርስ በርሱ ይጣላል?» አለች እህቴ።

«ሲጣሉ ነው ደስ የሚለው» አላት። «ጥያቄዎ ቦታ እንዳላት የምናውቀው በዚያ ነው። አሁን ከየትኛው ምን እንደወሰዱ ከነጸሐፊው ይመዝግቡ። ይሄ የእርስዎ ስፒል ነው።»

«እኔ ታዲያ ስፒል አድርጌ አልነበር?»

«አድርገዋል። ጨርቁ ነው የእርስዎ ያልነበረው።»

«አሁን ገባኝ» አለች እህቴ፣ ለሱ ሳይሆን ለራሷ።

ትናንት ቅዳሜ መምህሩ ፊት አንድ ገጽ አስቀመጠች። ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ወላጆች ልጃቸው ሲያድግ ይፈታል ብለው በትምህርት ቤት ዩኒፎርም ላይ የሚያስቀሩት እጥፋት ለምን ሳይፈታ ይቀራል?»

ወረቀቱን አስቀመጠ። «መልሱን ያውቁታል?»

«አላውቀውም» አለች አንገቷን ቀና አድርጋ። በዚህ ዓይነት ኩራት አላውቅም ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

«የኔም ሱሪ እጥፋት ነበረው» አለ መምህሩ ዝግ ብሎ።

«ተፈቶ ነበር?»

አሰበ። ግራ ገብቶት ወደ መስኮቱ አየ። «አላስታውስም እኮ።» ከዚያ ብዕሩን አነሣ፤ ግን አልጻፈም። «ቆይ ግን እናቴ፣ እርስዎ ጋ አለመምጣታቸው አለመፈታቱን ያሳያል? እናቶች ቤታቸው ቁጭ ብለው ራሳቸው ቢፈቱትስ?»

ሁለታችንም አላሰብነውም። አለቀልን ብዬ የቦርሳዬን ማንገቻ ጨበጥኩ። እሷ ግን ወደኔ ዞረች፤ ፊቷ በርቷል።

«አየሽ፤ ምንም አላውቅም» አለችኝ።

መምህሩ ሳቀ። ባለፈው ሳምንት የዋጠውንም ጨምሮ ነው የሳቀው። ከጥያቄዋ በፊት «መፈታት አለመፈታቱን ማጣራት» የምትል አስጨመራትና ከሥሩ «ይቀጥሉ» ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ። ኮሚቴ የሚባል ነገር ሳይነሣ ቀረ። ከመሳቢያው የእህቴን የመጀመሪያ ሥራ ከነናሙናው አወጣ፣ ስፒሏን ነቀለ። የእሷን «ይሄንን ለማስታወሻ ያስቀምጡት» ብሎ ሰጣት። የፋርማሲስቷን ለኔ ሰጠኝ።

«ናሙናውን ለባለቤቷ ይመልሱላት። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ማንም እንዳልተቆጣት ይንገሩልኝ።»

እህቴ ኮሪደሩ ላይ ቦርሳዋን ከፍታ ሜትሩን አንገቷ ላይ መለሰችው። እኔ የዘለልኩት ያኔ ነው።

ሱቁ ስንደርስ ፋርማሲዋ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለሆነች ተዘግታለች። ዛሬ እሁድ እህቴ ክፍል ገብታለች፤ እኔ ሱቋን እየጠበቅኩ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ይህን እጽፋለሁ። የፋርማሲስቷ ጽሑፍ አጠገቤ ነው፣ እንዳይታጠፍ በካርቶን ይዤዋለሁ። ያቺ ምስኪን ደግሞ አሁንም እህቴን ከኮሌጅ ያስባረርኳት እኔ ነኝ ብላ…

ቆይ። የፋርማሲዋ የብረት መዝጊያ ድምፅ ነው። እየተነሣ ነው። መርፌና ክር ልያዝ፣ ቁልፏም ሳይበጠስ አይቀርም። ቀሪውን ራሳችሁ ጨርሱት፤ እኔ ሄጃለሁ።